አልጋ ያልተገኘላት

ብሮንዌን፣

ድመቷ በልታለች። ማሞቂያው እንደገና ጠፍቷል፤ ጎኑን መታ መታ ስታደርጊው ይነሳል።

ያ ሲደበድበኝ የኖረው የቀድሞ ፍቅረኛዬ ክሬግ አድራሻችንን አግኝቷል። ትናንት አንቺ ስብሰባ ላይ ሳለሽ በሩን እየደበደበ «ዛሬ ባትከፍቺ ነገ ትከፍቻለሽ» ይል ነበር። ተመልሶ ከመጣ እንዳትከፍቺ፤ ፖሊስ ጋ ደውዪ።

ከሴቶች መጠለያችሁ አልጋ የለመንኩት ይህን ፈርቼ ነበር። «ወንድ ሆና የተወለደች አትገባም» ብላችሁ ወሰናችሁ። አንቺም ከኮሚቴው ጋር ደግፈሽ እጅሽን አወጣሽ።

«ስለ አንቺ አይደለም፣ ሪያን። እዚያ ያሉት ሴቶች የወንድ ድምፅ ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ» አልሽኝ።

አውቃለሁ። አንቺም ከባልሽ ሸሽተሽ እዚህ ቤት ስትመጪ ትንቀጠቀጪ ነበር። ግን ከእኔ ጎን ባለው ክፍል፣ በርሽን ሳትቆልፊ ነው የምትተኚው። ይህን ለኮሚቴው ነገርሽ?

የወንዶቹ መጠለያ ባዶ አልጋ አለው አሉኝ። የክሬግ ጓደኞች የሚያድሩት እዚያ ነው።

ማታ ተናድጄ የሰበርኩት ኩባያ የእናትሽ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ወዴት እንደምሄድ አልጽፍልሽም። ክሬግ መጥቶ ቢያፋጥጥሽ «አላውቅም» በዪው። እውነትሽን ነው።

ሪያን