ለአባዬ፣ ስለ በርበሬው ማሳ ዕርቅ

ይድረስ ማርያም ደጅ ላረፍከው አባቴ፣

ካየሁህ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ ከተቀበርክ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። በሕይወትህ ሳለህ «እርስዎ» ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ብዬ ስጽፍልህ አትቆጣኝ። የምነግርህን ነገር በአክብሮት ርቀት ላይ ቆሜ ልነግርህ አልቻልኩም።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ቢሆንም ማርያምን ሳትሳለም አትውልም። እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እሷ እመጣለሁ። ወንድሜ ሙሉቀን ጺም አብቅሏል፤ የጅጋ ልጅ ታጭታለታለች፣ ሳቂታ ናት፣ ትወዳት ነበር። ዳልቻው በሬህ አርጅቷል ግን ዘንድሮም አርሷል። ከማን በሬ ጋር ተጠምዶ እንዳረሰ ስነግርህ እንዳትነሳብኝ። ከአያ ጌታነህ በሬ ጋር ነው። አዎ፣ ከገዳይህ በሬ ጋር።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገርህ። አንተና እሱ አንድ አንድ በሬ ይዛችሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀናጅታችሁ አርሳችኋል። እኔን አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው። ያጣላችሁ ከበርበሬው ማሳ ወሰን ላይ የተገመሰች አንዲት ትልም ናት። ለዚያች ትልም ብሎ በመጥረቢያ ሦስት ጊዜ መታህ፤ አንዱን ቆመህ ሳለህ ትከሻህ ላይ፣ ሁለቱን ከወደቅክ በኋላ አናትህ ላይ። እማዬ አጥባህ ስትጨርስ ነጠላዋን ዳግም መልበስ አልቻለችም፣ ካንተው ጋር ቀበረችው።

መርዶህ እንደ ወጉ አልደረሰኝም። ባዕድ አገር ላለ ሰው ወዳጅ ተፈልጎ፣ በማለዳ ቤቱ ተሄዶ ነው የሚረዳው። ሙሉቀን ግን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ደሙ ፈልቶ ነበር። ደወለና «አባባን ጌታነህ ገደለው። አንቺ እዚያ ለፈረንጅ ወጥ አማስዪ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የሆቴል ትምህርቴን ለመጨረስ የቀረኝ የስድስት ወር የተግባር ልምምድ ብቻ ነበር። ቦሎኛ ከተማ ዳር፣ አንዲት ሮዛ የምትባል አሮጊት ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር በምታስተዳድረው ምግብ ቤት ነበር የመደቡኝ። ያኔ ስነግርህ «ጣልያን ድረስ የሄድሽው ሰሃን ልታጥቢ ነው?» ብለህ ስቀህብኛል። የመጀመሪያውን ወር እውነትም ሰሃን ነው ያጠብኩት። ከዚያ ሮዛ ቢላዋ ሰጠችኝና የበግ ብልት ማውጣት አስተማረችኝ። እኛ አገር የወንድ ሥራ ነው ብላት፣ በጉ ወንድ ትሁኚ ሴት አያውቅም አለችኝ። ስለ አንተም አጫውቻታለሁ። ቡሬ በርበሬ ሸጠን ስንመለስ ፓስታ አዝዘህልኝ፣ በእጄ እየጠቀለልኩ ስበላ ሰው ሁሉ ሲያየን ምንም ያላልከኝን ነግሬያት በጣም ወደደችህ።

ሙሉቀን የደወለው ብልት በማወጣበት ሰዓት ነው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና መቁረጤን ቀጠልኩ። ሥጋው አለቀ፤ አጥንቱን መታሁት። አጥንቱ ደቀቀ፤ ጣውላውን መምታት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ምት የሚታየኝ የጌታነህ አናት ነበር፣ አንድም ጊዜ አልሳትኩትም። ሮዛ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን በሁለት እጇ እስክትይዝ ድረስ አላቆምኩም። አላለቀስኩልህም አባዬ። ቢላዋውን ነጥቀውኝ እንኳ ጣቶቼ እንደተጨበጡ ቀሩ።

በዚያው ወር የሮዛ ልጆች ተጣሉ። ትልቁ፣ ሉካ፣ ትንሹን ማርኮን በጋለ መጥበሻ ግንባሩ ላይ መታው። ምክንያቱ ስጎው ሁለቴ ጨው ገባበት የሚል ነው። ደሙ የወለሉ ነጭ ሸክላ ላይ ሲንጠባጠብ የማርኮ እጅ ወደ ቢላዋው ሄደ። ሮዛ አልጮኸችም። ለማርኮ ፎጣ ሰጠችው፣ ለሁለቱም ሰሃን አስቀመጠች፣ በሩን ቆለፈች። ያልበላ አይወጣም አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ተፋጠው ተቀመጡ። ከዚያ ማርኮ በአንድ እጁ ግንባሩን ይዞ በሌላው መብላት ጀመረ፣ ሉካም ተከተለው። ያን ቀን ናቅኳቸው። የወንድም ግንባር ተሰንጥቆ ሳለ እንዴት ምግብ ይወርድላቸዋል አልኩ።

ሙሉቀን እሑድ እሑድ እየደወለ ይሰድበኝ ነበር። ጠመንጃህን አውርዶ ወልውሎታል፤ ደምህን ሳልመልስ ጸጉሬን አልቆረጥም ብሎ ምሏል። ጌታነህ ቆላ ወርዶ ነበር፣ ጊዜውም ሰው ሰውን በሕግ የሚጠይቅበት አልነበረም። በኋላ እማዬ ራሷ ደወለች፤ ሁለተኛ ሬሳ ሳልቀበል ድረሽልኝ አለችኝ። ልምምዴን እንደጨረስኩ ሮዛ እዚያው ቅሪ ብትለኝም ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ።

ሽማግሌ የላከው ጌታነህ ነው። መሪጌታ ልሳነወርቅ በእኛና በእሱ ወገን መካከል አራት ወር ተመላለሱ። ሙሉቀን መጀመሪያ በጠመንጃ አፈሙዝ አባረራቸው፤ በመጨረሻ በእማዬ እንባ እሺ አለ። እኔ ግን የእሱን እሺታ አላመንኩትም።

ዕርቁ የተደረገው እዚያው ማሳው ላይ፣ አንተ የወደቅክበት ወሰን አጠገብ ነው። ጌታነህ ባዶ እግሩን፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ግንባሩን አፈር ላይ ደፋ። ወገኖቹ በግ ይዘው ነበር። መሪጌታ ቢላዋውን ለሙሉቀን ሰጡት፤ ሰው ሊያርድ ያሰበ እጅ በግ አርዶ ይውጣለት ብለው ይሆናል። ደግ አስበው ነው። ነገር ግን ሊቆርጥ የተነሳ ሰው ክርኑን ወደ ጎኑ ይሰበስባል፤ ሮዛ ቤት ስድስት ወር ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። ሙሉቀን ክርኑን ሲሰበስብ ዓይኑ በጉ ላይ አልነበረም። ጌታነህ ከድንጋዩ ሥር አንገቱን ዘርግቶ ሙሉቀን እግር ሥር ተደፍቷል።

ዘልዬ ስለቱን በመዳፌ ያዝኩት። ሙሉቀን ሳበው፣ አልለቀቅኩም፣ ደግሞ ሳበው። አጥንቴ ጋ ሲደርስ ድምፁን ሰማሁት። ቢላዋውን የለቀቀው ፊቱ ላይ ደሜ ሲረጭ ነው።

እውነቱን ላንተ ልንገርህ። ስለቱን የያዝኩት ለጌታነህ አዝኜ አይደለም። ያ አንገት እኔንም አጓጉቶኛል። ነገር ግን ሙሉቀን ቢገድለው የጌታነህ ሦስት ወንዶች ልጆች ሙሉቀንን ይገድሉታል፣ እማዬም ያለችው ሁለተኛ ሬሳ ይመጣል። ልጅህን ለመታደግ ነው ገዳይህን ያተረፍኩት።

ደሜ ትልሙ ላይ ሲንጠባጠብ መሪጌታ ተነሱ። «የሟች ልጅ ደም ፈሷል፤ ወሰኑም ጠጥቷል። ሌላ ደም የሚሻ ካለ አሁኑኑ ይናገር» አሉ። የተናገረ የለም። በጉን አንድ ሽማግሌ አረደው። እማዬ ነጠላዋን ቀድዳ እጄን አሰረችልኝ፣ እኔም በአንድ እጅ ተኩል ብልት አወጣሁ። ወንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኝ ነበር፣ ይዩኝ። ሠርቼ ሳቀርብ ሙሉቀን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፣ ጌታነህ ቀና አይልም፣ ትሪው ሊቀዘቅዝ ነው። ያን ጊዜ ሮዛ ትዝ አለችኝ። ትሪውን በሁለቱ መካከል አድርጌ ያልበላ አይነሳም አልኩ። በሽማግሌ ፊት ሴት እንደዚያ አትናገርም፣ አውቃለሁ። ሙሉቀን ደም ያለፈበትን እጄን አየና ዞሮ ጎረሰ። ጌታነህ እያለቀሰ ጎረሰ። እማዬ ጎረሰች፣ የሁለቱ ወገን ሰው ሁሉ ጎረሰ። መሪጌታም ከዚህ ሥጋ የበላ ደም ቢፈልግ የበላው ይፍረድበት ብለው አስማሉ።

አሁን በገበያ ቀን ጌታነህን ጅጋ አገኘዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ ይለኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ሙሉቀን ጸጉሩን ተቆርጧል፣ እንቅልፉም ተመልሶለታል። ይህን ጠልቼው አይደለም፤ እንዲህ እንዲሆን ነው የለፋሁት። ስምህን ሳያነሳ የሚውልበት ቀን ሲበዛ ግን አንጀቴ ይቃጠላል።

ሮዛ ቤት ሁሉም መብላት የሚጀምረው የሠራችው ሴት ከበላች በኋላ ነው። እሷም የእያንዳንዱን ሰው አፍ ታያለች። እኛ ዘንድ ግን የሠራችው ሴት ቆማ ታስተናግዳለች እንጂ በላች አልበላች ማን ይጠይቃል? መሪጌታም አልጠየቁም፣ እማዬም አላየችም።

አልበላሁም አባዬ። እንጀራውን አቀረብኩ፣ ውኃ አስታጠብኩ፣ ትሪውን አነሳሁ፣ ከዚያ ሥጋ ግን አንዲት ጉርሻ አፌ አልገባችም። ሙሉቀን ያግባ፣ ይውለድ፣ ይርሳህም፤ እማዬም በሰላም ትተኛ። አንተን ማስታወስ የእኔ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልታረቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅህ ይታይሽ