የመቶ አርባ ስምንተኛው ፎቅ ፊርማዬ እንዲሻር

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን

ለሕንፃ ሥራ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የፊታችን ሐሙስ በረጅሙ ሕንፃ ላይ ሊደረግ የታሰበው የጫፍ ብረት ማንሳት እንዲቆምና እኔ ራሴ የፈረምኩባቸው የኮንክሪት ሙከራ ውጤቶች እንዲሰረዙ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጊዜዎ የተጣበበ መሆኑን ስለማውቅ ነገሬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። ቤተሰቦቼ «የአስቤዛ ወረቀት እንኳ በተራ ቁጥር ነው የሚጽፈው» እያሉ ይስቁብኛል። ካልቆጠርኩ ይጠፋብኛል፤ በተለይ ሰሞኑን።

1. እኔ በዓለም አንደኛ እንዲሆን በሚሠራው ሕንፃ ላይ የኮንክሪት ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሙያውን ያገኘሁት እዚያው ሥራ ላይ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር ከዚያው ላይ ጨልፌ በብረት ሳጥን ኪዩብ እሠራለሁ። ኪዩብ በሁሉም ጎኑ እኩል የሆነ፣ በአንድ እጅ ለመያዝ የሚከብድ የኮንክሪት ድንጋይ ነው። በነጋታው ከሳጥኑ አውጥቼ ምድር ቤት ካለው የውሃ ገንዳ ውስጥ እነክረዋለሁ። ቀኑ ሲደርስ በመጭመቂያ ማሽን እሰብረውና የተሰበረበትን ቁጥር ጽፌ እፈርማለሁ። ሠራተኛው «ጋሽ ኪዩብ» ይለኛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

2. የሕንፃው የመጀመሪያ ፕላን መቶ ሠላሳ ስድስት ፎቅ ነበር። ከባሕር ማዶ ሌሎች ተነሥተው «እኛ መቶ አርባ አምስት» ሲሉ የእኛ መቶ አርባ ስምንት ሆነ። የሳይቱ መግቢያ ላይ የሁለቱ ሕንፃዎች ሥዕል ጎን ለጎን ተለጥፏል። ሰኞ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ የእነሱን ሜትር በቀይ፣ የእኛን በአረንጓዴ ይጽፋል። ቀዩ የበለጠ ዕለት ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን እንገባለን። እኔም ጭምር፤ አልዋሽም። የተጨመሩት አሥራ ሁለት ፎቆች መስኮት የላቸውም፤ ሽንት ቤት የላቸውም፤ ማንም አይኖርባቸውም። ቁመት ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ ባሕር ማዶዎቹ ጫፋቸው ላይ ብረት ሊተክሉ ነው ስለተባለ የእኛም የጫፍ ብረት ሐሙስ ዕለት እንግዶች በተገኙበት ይነሣል።

3. ድሮ አንድ ፎቅ በሰባት ቀን ነበር የምንጨርሰው። ከዚያ አምስት ቀን ሆነ። ከዚያ ሦስት። ክሬኑ ከሕንፃው ጋር አብሮ እንዲያድግ በየደረጃው በብረት ከግድግዳው ጋር ይታሰራል፤ የማሰሪያው ብሎኖች የሚገቡት በቅርቡ በተሞላው ኮንክሪት ውስጥ ነው። ጥንካሬው በመለኪያው ሠላሳ ሳይደርስ ብሎን አይጠበቅም። «ሠላሳ ደርሷል» የሚለው ማነው ቢሉኝ፣ እኔ ነኝ።

4. ይኼን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አምና በብርዱ ወራት የገንዳው ውሃ በጣም ሲቀዘቅዝ ማሞቂያ ይግባለት ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ትክክል ነበር፤ ደንቡ ሃያ ዲግሪ ነው የሚለው። የምስጋና ደብዳቤና የግድግዳ ሰዓት ተሸለምኩ። ሰዓቱ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ሥራው በሦስት ቀን አንድ ፎቅ ሲሆን የሳይቱ መሐንዲስ መጥቶ «ጋሽ ኪዩብ፣ ሠላሳ ዲግሪ አድርገው፤ ኪዩቦቹም እንደ እኛ ይፍጠኑ እንጂ!» አለኝ። ሳቅን። አደረግኩት።

ክቡር ኃላፊ፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን አንድም የሐሰት ቁጥር አልጻፍኩም። ማሽኑ ሠላሳ አራት አለ፤ ሠላሳ አራት ጻፍኩ። ችግሩ፣ እላይ ያለው ግድግዳ ገንዳ ውስጥ አልተኛም። እዚያ ላይ ነፋሱ ሰው ይገፋል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ስስ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ኮንክሪት ደግሞ ሲበርደው አይጠነክርም። እኔ ምድር ቤት በሞቀ ውሃ ያሳደግኩትን ኪዩብ እየሰበርኩ፣ ላይ በብርድ ስለሚንቀጠቀጠው ግድግዳ መሰከርኩ። ከመቶ ሠላሳ ስምንተኛው እስከ መቶ አርባ ስምንተኛው፣ አሥራ አንድ ፎቅ፣ አሥራ አንድ ፊርማ።

5. «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ቢሉኝ መልሱ ያሳፍራል። ልጄ የክሬን ኦፕሬተር ናት። ከአሥር ቀን በፊት ከታችኛው ክሬን ወደ ላይኛው ተዛወረች። ዓይኔ የተከፈተው ያን ቀን ነው። ከእሷ በፊት ስምንት ወር እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በላብራቶሪዬ በር ሲያልፍ ሰላም እንባባል ነበር። ለእሱ አልፈራሁም። ይኼን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ መመዝገብ ስላለበት ነው።

6. የመጨረሻው ፎቅ፣ መቶ አርባ ስምንተኛው፣ ሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን ተሞላ። እንደ ደንቡ ኪዩቦች ሠርቼ ገንዳ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያው ኮንክሪት ሁለት ትርፍ ኪዩቦች ደግሞ ሠርቼ እዚያው ላይ ከግድግዳው ሥር በጆንያ ሸፍኜ ተውኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። ሐሙስ ታኅሣሥ 7 ቀን አንዱን አውርጄ በምሳ ሰዓት ሰበርኩት። ዐሥራ ሰባት። የገንዳው ወንድሙ ያን ቀን ጠዋት ሠላሳ አራት ብሎ ነበር፤ ፈርሜበት ወረቀቱም ሄዷል፤ ብሎኖቹም ተጠብቀዋል። ሮጬ ለመሐንዲሱ ነገርኩት። «ሕጉ ገንዳ ነው የሚለው። ጣራ ላይ የተጣለ ኪዩብ፣ ኪዩብ አይደለም፣ ድንጋይ ነው» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ቀዩን ቁጥር በጣቱ እያሳየኝ «ሐሙስን እንለፍና እንነጋገራለን» አለ።

7. ዓርብ ዕለት ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትኩ። መልሱ ትናንት ደረሰኝ፦ «ከአሠሪው የቀረበው የሙከራ ውጤት ኮንክሪቱ ከሚፈለገው በላይ ጥንካሬ እንዳለው ስለሚያሳይ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም።» የሙከራው ወረቀትም ተያይዟል። ገልጬ ሳየው የራሴ ፊርማ ነው። እኔን በእኔ ረቱኝ።

8. «አሁን እኮ ጊዜ አልፎታል፣ ጠንክሯል» የሚሉኝ አሉ። ምናልባት። ኮንክሪት ግን የሚጠነክረው ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ነው፤ ይኼኛው ከሦስተኛ ቀኑ ጀምሮ ክሬን ሲጎትተው ነው የሰነበተው። ቅዳሜ ማታ ልጄ እራት ላይ «አባዬ፣ ወንበሬ እሹሩሩ ማለት ጀምሯል፤ ሊያስተኛኝ ነው» ብላ ሳቀች። እናቷም ሳቀች። እኔ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በኋላ ሳህን ስናጥብ ለብቻዋ ጠየቅኳት። በማሰሪያው ብረት ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አይታለች፤ ለፎርማኑ ነግራለች፤ «ልስን ነው» ብሏታል። እዚያ ፎቅ ላይ ልስን የለም።

9. እንዳትወጪ ብዬ ለመንኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ አይደለህ እንዴ የፈረምከው? አንተ በፈረምክበት ላይ ካልተቀመጥኩ በማን ላይ ልቀመጥ?» ያን ጊዜ የገንዳውን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። የያዘችውን ሳህን አድርቃ አስቀመጠች። ከዚያ «እኔ ብወርድ ተለዋጩ ነው የሚወጣው። ያ ባለፈው ወር ያገባው። እሱም አባት አለው» አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። ጠዋት ግን ሁለታችንም በአንድ አውቶቡስ ነው የምንሄደው፤ እሷ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ኋላ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. የሐሙሱ ማንሳት እንዲቆም። ከብረቶቹ ትልቁ ዐሥራ አራት ቶን ነው፤ ያ ክሬን እዚያ ማሰሪያ ላይ ሆኖ ይኼን ያህል አንሥቶ አያውቅም። ባሕር ማዶዎቹ ይቅደሙን። ቢቀድሙን ምን እንሆናለን?

ለ. የጽሕፈት ቤትዎ መሐንዲስ በአካል ወጥቶ ስንጥቁን እንዲያይ። ሊፍቱ እስከ መቶ አርባ ስድስተኛው ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ መሰላል ነው። ከፈራ አብሬው እወጣለሁ። እኔም እፈራለሁ።

ሐ. ልጄ ብቻ ከክሬኑ እንድትወርድ አልጠይቅም። መጀመሪያ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ማንም እንዳይቀመጥበት ነው የምጠይቀው።

መ. አሥራ አንዱ ፊርማዎቼ እንዲሻሩ፣ በእኔ ላይ ሕጉ የሚለው ሁሉ እንዲፈጸም። ከሥራ መባረርም ከሆነ፣ መከሰስም ከሆነ፣ አልከራከርም።

ሠ. መልሱን በቤት ስልክ እንዳይነግሩብኝ አደራ። እናቷ የምታውቀው ነገር የለም። ሐሙስ ልጇን በቴሌቪዥን ለማየት ጎረቤቶቿን ጠርታለች፤ ወንበር እየተዋሰች ነው።

ጸሐፊዎ ለአቤቱታ መልስ የሚሰጠው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ እንደሆነ ነግረውኛል። ሐሙስ ሁለተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር ሁለት ኪዩቦች ይዤ መጥቻለሁ፤ የሁለቱም ኮንክሪት የመቶ አርባ ስምንተኛው ነው። በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግኩበት በገንዳ ያደገው፣ ምልክት የሌለው በብርድ ያደገው ነው። የበር ጥበቃው «ድንጋይ ይዘህ ኃላፊ ዘንድ አትገባም» ብለውኝ ወንበራቸው ሥር አስቀምጠውልኛል። ምድር ቤታችሁ መጭመቂያ ማሽን አለ፤ አምና የእኛን ከእሱ ጋር ለማመሳከር መጥቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ለመስበር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እባክዎ ዓይንዎ እያየ ይሰበሩ። የእኔን ቃል አይመኑ፤ የእኔ ቃል እስከ ዛሬ ምን እንዳደረገ አይተዋል።

በሩ እስኪዘጋ ከጥበቃው አጠገብ ነኝ። ነገም በጠዋት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ከደጃፍዎ

የኮንክሪት ሙከራ ሠራተኛው
(ፊርማ)

ስሜን እዚህ አልደገምኩትም፤ በአባሪዎቹ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል።

አባሪ፦ የሙከራ ውጤት 11 ገጽ፣ የጽሕፈት ቤትዎ የትናንት መልስ 1 ገጽ፣ ኪዩብ 2 (በጥበቃ ቤት)

ግልባጭ፦
ለላይኛው ክሬን ኦፕሬተር፣ በእጅ። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ እስከዚያ መልስ ካልመጣ።