የካቲት ሠላሳ የሚያልቀው ውል

ኅዳር 18

ውሃ ዛሬም አልመጣም። ቦቴው ሄሉ ሰፈር ላይ ጎማ ፈነዳበት አሉ። ትናንትም ፈንድቶ ነበር። ስንት ጎማ ነው ያለው ይሄ መኪና?

የጎረቤቴ የኸይራ ፍየል ደግሞ ግቢ ገብታ የግሬስን ካልሲ በላች። አንዱን ብቻ። በአጥር ጠርቼ «ፍየልሽ ካልሲ በላች» ብላት፣ «የትኛዋ ፍየል?» አለችኝ። ያለቻት አንዲት ፍየል ናት!

ግሬስ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት፤ ሳቀች። የቀረውንም ለፍየሏ ልስጣት አለች። ነርስ ናት፣ ሩቅ ከሜሩ ከተማ የመጣች። የጓሮውን ክፍል ከተከራየችኝ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ዘጠኝ ወር አንድ ቀን እንኳ አልተኳረፍንም... እኔ ሐሚዳ! ባሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ቢሰማ አያምንም።

ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። አንዱን ሳላበዛው አልቀረሁም። ባለቤቱ እስኪመጣ አላስብም።

ኅዳር 20

ግሬስ ልትለቅ ነው።

ቅዳሜ ስለሆነ እንደ ልማዷ ደም ግፊቴን ለካችልኝ። መቶ ሠላሳ በሰማንያ። «ሳፊ» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ መለኪያውን ከክንዴ ሳትፈታ «ማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ። (ስዋሂሊ አንቺና እርስዎን አይለይም። ግሬስ ስታወራ ግን እርስዎ ነው የሚሰማኝ።)

ዝውውሯ ወጥቷል። ሜሩ፣ እናቷ ሰፈር ድረስ። ልጇ ኬንዲ እዚያ አያቷ ጋ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ በጃንዋሪ አንደኛ ክፍል ትገባለች። «እናቴ ካልወሰደችኝ አልማርም» ብላ ምላለች አሉ። የሥራ ቦታው ደግሞ አይጠብቅም። እስከ ፈረንጆቹ ገና ካልደረሰች ለሌላ ነርስ ይሰጣል። «ውሉን ከቀኑ በፊት እናፍርሰው፣ ማማ?»

እኔ ምን አልኩ? «ውል ውል ነው። እስከ የካቲት ሠላሳ ነው የተፈራረምነው።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። እንኳን ደስ ያለሽ ነበር የሚባለው። አንገቷን ደፍታ «ሳዋ ማማ»፣ እሺ አለችና ወጣች። ግፊቴን ያኔ ብትለካው ጉድ ይታይ ነበር።

ኅዳር 21

ውሉን ከሳጥን አውጥቼ አየሁት። ሳይበር ቤት ያስተየብኩት ነው። ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ሁለት ፊርማ። እንግሊዝኛውን አላነበውም፤ ቁጥሩ ግን ይታወቃል። ከመጋቢት 1 2017 እስከ የካቲት 30 2018። ቀኑን አንድ በአንድ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ይቀረዋል።

ከአገር ከወጣሁ ሠላሳ አራት ዓመቴ። ካምፕ ውስጥ፣ ቢሮ ለቢሮ፣ የሰው ወረቀት ላይ ስፈርም ኖርኩ። አንዴ ደግሞ በእኔ ወረቀት ላይ ሰው ይፈርምልኝ ብዬ ነው ያሠራሁት። ኩራት ከሆነ ኩራት ይባል።

ኸይራ በአጥሩ በኩል መጣች። «ምናለ ብትለቂያት? ኪራዩ ነው ያሳሳሽ?»

«ሕግ ነው» አልኳት።

ኪራዩስ አይደለም። ክፍሉ ሳምንት ባዶ አያድርም፣ ሰው ሞልቷል። ታዲያ ምንድነው?... ተይው፣ ሐሚዳ።

ማታ ግሬስን ጠርቼ «ተተኪ ካመጣሽ ትሄጃለሽ» አልኳት። ደስ አላት። ተተኪውን የምመርጠው እኔ መሆኔን ግን ያኔ አልነገርኳትም።

ኅዳር 25

የመጀመሪያው ተተኪ። ነቢል ይባላል፣ ከማዶ ከኢትዮጵያ ሽንኩርት የሚያሻግር ነጋዴ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። አልጋው የት ይቀመጣል አላለ፣ ውሃስ አላለ፤ ግድግዳውን በክንዱ ለካና «ማዘር፣ ስንት ኩንታል ይይዛል?» አለኝ።

«ሰው ነው የሚይዘው» አልኩት።

«እኔማ የማድረው ጓደኞቼ ጋ ነው። እዚህ የሚያድረው ሽንኩርቱ ነው።»

ግሬስ አፏን በእጇ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ግን የቤት ባለቤት ነኝ፣ ኮስተር አልኩ።

«ሽንኩርትህ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደሩ ይላል?»

አሰበበት እኮ! አሰበና «አይልም» አለ። አሰናበትኩት።

ኅዳር 28

ሁለተኛዋ ዘምዘም። ከጎዶማ መንደር የመጣች አስተማሪ ናት። ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች። አማርኛ ትችላለች፣ ኦሮምኛ ትችላለች፣ ስዋሂሊ ትችላለች፣ ሦስቱንም ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ከላይ እስከ ታች አየኋት። ምንም የማወጣላት እንከን አጣሁ።

«ስትተኚ ታንኮራፊያለሽ?» አልኳት። በጓሮ ብታንኮራፋ እኔ ጋ መች ይደርሳል!

«እንጃ እማማ፣ ያኔ ተኝቼ ነው የምገኘው።»

ጥሩ መልስ ነው። አናደደኝ። ሳላስበው «አስተማሪ አልፈልግም፣ የቾክ ብናኝ ያስለኛል» ብዬ መለስኳት።

የቾክ ብናኝ! እኔ በቀን ስንቴ ነው በልብስ ሰፊ ቾክ ጨርቅ ላይ የማሰምረው?

ግሬስ ዛሬ አልሳቀችም። ዘምዘምን እስከ በር ሸኘቻት። ኸይራ ግን ከአጥሩ አትጠፋም፤ «ነገ ሸኹን ብታመጣልሽ ጺማቸው ረዘመ ትያለሽ» አለችኝ። ፍየልሽን ጠብቂ አልኳት።

ኅዳር 29

አፍሬያለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 30

ግሬስ ጓሮ ልብስ እያጠበች ስልክ ታወራለች። እጇ አረፋ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። ኬንዲ ናት።

«ማማ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ነው የተኛሁት።»

«ለምን፣ የኔ ልጅ?»

«በጠዋት ከመጣሽ እንዳላስጠብቅሽ።»

የልብስ መኪናዬን ፔዳል መርገጥ አቆምኩ። ከዚያ እንዳልሰማ ሆኜ ቀጠልኩ። ስፌቱ ሁሉ ጠመመ።

ከእንግዲህ እኔ አልፈርድም። ሽማግሌው ሙዜ ጋልጋሎ ጋ ልውሰዳት። ትቆይ ካለ፣ ያስቀራት ሕጉ ነው፤ እኔ ክፉ አልባልም። ትሂድ ካለስ?... ትሂድ አይልም። ወረቀት አለኝ።

ታኅሣሥ 2

ጉድ ሆንኩ ዛሬ።

ሙዜ ጋልጋሎ የሰፈራችን ሽማግሌ ነው። የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል። ጎልቦ ቆላው ላይ ግመል የጠፋበትም፣ ከተማ ውስጥ አጥር የተገፋበትም እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ሱቅ በረንዳ ላይ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሻይ ይጠጣል። ግሬስን አጠገቤ አቁሜ ውሉን ዘረጋሁለት። ደረቴን ነፍቼ።

መነጽሩን አደረገ። አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ።

«ሐሚዳ፣ ይሄ ውል እኮ አልቋል።»

«መቼ?»

«ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ይላል።»

«አሥራ ስምንት ዘንድሮ አይደል እንዴ!»

«ኬላውን ተሻግረሽ ብታነቢው ልክ ነሽ። እዚህ ኬንያ ግን ሃያ አምስት ነን።» ጣቱን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ ሠላሳ ነው ይላል። ፌብሩዋሪ ሠላሳ ኖሮት አያውቅም። የኔ ሐሚዳ፣ አላህ ያልፈጠረውን ቀን ከየት አመጣሽው?»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። አንዱ ሽማግሌ ሻይ ትን ብሎት ጀርባው ተመታ። ለካ የሳይበሩ ጸሐፊ መጋቢትን ማርች፣ የካቲትን ፌብሩዋሪ ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ነው የተወው። በእሱም አልፈርድ። «ማማ፣ ቀኑ ትክክል ነው?» ብሎኝ ነበር። «ቀን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ያልኩህን ጻፍ» አልኩት።

«ሂጂ ልጄ» አላት ሙዜ ግሬስን። «ውልሽ ገና ሳትገቢ ያለቀ ነው። ማንም አይዝሽም።»

ሁሉም ሲስቅ ግሬስ ብቻ አልሳቀችም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ በጥንቃቄ አጥፋ ሰጠችኝ። ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

መንገድ ላይ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

እርምጃዋን አፈጠነች።

«ግሬስ!»

«አዎ ማማ። የፈረምን ቀን ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወረቀቱን እንዴት እንደያዙት አይቼ። በጣም ደስ ብሎዎት ነበር።»

«እሺ፣ ዝውውሩ ሲመጣስ? ሻንጣሽን አንስተሽ መሄድ ትችይ ነበር እኮ! ያን ሁሉ ሰው ለምን አመላለስሽ? ሽንኩርት ሁሉ ስታመጪ!»

«ወረቀቱን መች ጠየቅኩት፣ ማማ? እርስዎን ነው የጠየቅኩት። እርስዎ ሂጂ ሳይሉኝ መሄድ አቃተኝ።»

መንገድ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አንዱ ቦዳቦዳ ሞተረኛ ጥሩምባ ነፋብኝ፤ እያለቀስኩ ሰደብኩት።

«ኪራዩም አይደለም፣ ሕጉም አይደለም» አልኳት። «እንዳትሄጂብኝ ነው።» ይኸው ወጣ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ብዬ ሰው ለምኜ አላውቅም።

«ኒናጁዋ፣ ማማ» አለችኝ። አውቃለሁ ማለቷ ነው። ሁሉን ታውቃለች ይቺ ልጅ።

እጄን ይዛ ወደ ቤት ገባን። ከመግባታችን በፊት በር ላይ «ሂጂ» አልኳት።

ታኅሣሥ 3

ዘምዘምን አስጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ቾኩስ፣ እማማ?» አለችኝ በዚያ ቀስታዋ። ነገረኛ ናት! ደስ አለችኝ።

ታኅሣሥ 8

ግሬስ ሄደች።

ለኬንዲ የደብተር ቦርሳ ሰፍቼላት ነበር፤ ከተረፈ ሱሪ ጨርቅ፣ ሁለት ኪስ ያለው። ግሬስ አውቶቡሱ ሳይነሳ በፊት እዚያው መናኸሪያው ላይ ግፊቴን ለካች። ሰው ከቦ ያያል። «ስንት ነው?» ብላት «ለዛሬ ይሁን» አለችና ቁጥሩን ደበቀችኝ። መረቅኳት፣ በአማርኛም በስዋሂሊም፣ ሹፌሩ እስኪሰለቸው ድረስ።

ግቢው ጭር ብሏል። ኸይራ ፍየሏን በገመድ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

ታኅሣሥ 11

ቅዳሜ። እጅጌዬን ሰብስቤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ... ከዚያ ትዝ አለኝ።

ጥር 3

ዘምዘም ከገባች ሳምንት አለፋት። ወረቀት አልተጻጻፍንም። «መሄድ ስትፈልጊ ንገሪኝ፣ አኩርፌ አኩርፌ ይለቀኛል» አልኳት። ተስማማን። በነገራችን ላይ ታንኮራፋለች። ግድግዳ አልፎ ይሰማል!

ግሬስ ደወለች። ትምህርት ተጀምሯል። በየጠዋቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ አሉ፣ መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው። «ኬንዲ ልታናግርዎት ትፈልጋለች» ብላ ስልኩን ሰጠቻት። መጀመሪያ ትንፋሿ ብቻ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ያለ ሰላምታ፦

«እናቴን አልለቅም ያልሻት አንቺ ነሽ?»

ግሬስ ከጀርባ «ኬንዲ!» ስትል ሰማሁ። ሙዜ ጋልጋሎ ፊት እንዲህ አልተጨነቅኩም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስለምወዳት።»



«እኔም አልለቃትም» አለችኝ።

«ደግ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «አጥብቀሽ ያዢያት።»