የቶቢን ሙት ዓመት አወጣሁልህ

ደምሴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተ ካለህበት ወባም ብርድም የለም ብለው የንስሐ አባቴ ስላረጋገጡልኝ ጤናህን አልጠይቅም። ከተለየኸኝ ሦስት ወር አለፈ፤ አርባህም ሰማንያህም ወጥቷል። እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ ከትናንት ወዲህ እውነቴን ነው። ትናንት በቅዳሜ ገበያ፣ በወረታ ሰው ሁሉ ፊት፣ ቃልህን ፈጸምሁልህ። ይህን ለማን ልንገር? ያየ ሁሉ አይቶታል፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ። የስፌት መኪናህ በረንዳው ላይ እንዳለች ናት። ቀሚስና እጀ ጠባብ እሰፋባታለሁ፤ ሱሪ ሲመጣ ግን አሁንም ልቤ ይርዳል። በቀደም ለአንድ ሾፌር የሰፋሁለት አንዱ እግሩ ከሌላው አጥሮ ወጣ፤ ሰውየው ደግ ሆኖ እየሳቀ ወሰደው። የጉማራ ውኃ በክረምቱ ርቆ ወጥቶ ስለነበር ዘንድሮ ሽምብራው እንደ ጉድ ይዟል። ቀይዋ ላም ወለደች። ድመትህ ከሸክላ ማጫወቻው ክዳን ላይ መተኛቷን አልተወችም፤ የሚያስነሣትም አልነበረም። ማጫወቻው አንተ ከሄድህ ጀምሮ አልተከፈተም። የሐዘን ቤት ነውና ዓመት እስኪሞላህ ዘፈን አይሰማበትም። ጭንቄ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ቅዳሜን እንዴት አድርገህ ትሠራት እንደነበር ዓይኔ ላይ አለ። ገበያተኛው ከይፋግና ከሐሙሲት በኩል መግባት ሲጀምር ስፌቱን ታቆምና ሸክላዎችህን ጉልበትህ ላይ ትደረድራለህ። አንድ ዓይነት ዘፈን ከተከታተለ ጆሮ ይሰለቻል ትል ነበር። ሽማግሌዎቹ አረፍ እንዲሉልህ መሰንቆ ታስቀድማለህ። ቀጥለህ በመተማ በኩል ለሚመጡት ነጋዴዎች ብለህ የሱዳኑን፣ ከዚያ የአሥመራውን፣ ከዚያ የአዲስ አበባውን ባለ ጡሩምባ ታመጣለህ። ሰዉ ሞቅ ሲለው ቶቢን ትለቅበታለህ። አገሩ "የደምሴ ጉራማይሌ" ያላት ይህችን ድርድር ነው። እሷን ሳይሰማ በሬውን ሽጦ የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ አንዳንዱ እንዲያውም የሚሸጠው ነገር ሳይኖረው ይመጣ ነበር።

ቶቢን ያመጣብን ሾፌሩ ገብሬ ነው። የትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን የተቀደደ ሸራ ጥፈህለት፣ በምስጋና ከአሥመራ ያመጣውን ሸክላ ሰጠህ። ልባሱ ላይ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ጎረምሳ ጊታሩን ታቅፎ ቆሟል። መርፌዋን ስታሳርፍባት የሆነውን ትዝ ይልሃል? ጊታሩ በኤሌክትሪክ የሚጮህ ነበርና የታሰሩት ወይፈኖች ገመድ በጠሱ፤ ባለ ቅቤዎቹ ቅላቸውን አቅፈው ሮጡ፤ አባቴ አማተቡ። አንተ ግን ክሩን በጥርስህ እንደ ነከስህ ቀረህ። ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቃል ሳትሰማለት፣ ይህ ሰው የሚያለቅስበትን ነገር እኔ አውቀዋለሁ አልህ። እኔ ሳቅሁብህ። ከዚያ በኋላ ገብሬ በመጣ ቁጥር አንድ የቶቢ ሸክላ ይዞ ይመጣል፤ አገሩም ጊታሩን ትልቁ ክራር ብሎ ለመደው፤ ሰውየውም "የደምሴ ቶቢ" ሆኖ ቀረ።

የአምናው ጥር ደግሞ መጣ። ቶቢ መኪና ተገልብጦበት መሞቱን ገብሬ አሥመራ ላይ ሰማ። እንደምትወደው ያውቃልና እንዲሁ በአፉ ሊጥልብህ አልደፈረም። እኔም የአገሩን ወግ አውቃለሁ ብሎ ከመንገድ መገንጠያው ሁለት ሽማግሌዎች ለምኖ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በራችንን አስመታ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ካየህ መርዶ እንደሆነ ለማን ይጠፋዋል? ቶቢ አረፈ ሲሉህ በጉልበትህ ወደቅህ። እኔም አንተን አይቼ ጮህሁ። ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ዳስ ተጣለ፣ ንፍሮ ተጣደ።

ሙሾ አውራጇ እትዬ ጥሩነሽ አጠገብህ ቁጭ ብላ እንደ ደንቡ ጠየቀችህ፤ የሟችን ሥራ ሳታውቅ አታወርድምና። አንተም ምንም አልዋሸሃትም። አገሩ ሩቅ ነው አልሃት። መሬት የለውም፣ አርሶም አያውቅ፣ ክራር ሲመታ ኖሮ ሞተ አልሃት። ብድግ ብላ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለችለት፤

መሬት አልነበረው፣ በሬም አልጠመደ፣
በክራሩ ብቻ ስንቱን አዛመደ።

ያን ጊዜ ያላለቀሰ አልነበረም። ወንድምህ አያ ታከለም ከጉማራ ዳር ድረስ እየሮጠ መጣና ፊቱን እየነጨ አለቀሰ። ሲደክመው ግን ዓይኑን ጠራርጎ፣ ለመሆኑ ይህን ልጅ አባታችን ከየትኛዋ ነው የወለደው ብሎ ጠየቀህ። ያን ጊዜ እውነቱ ወጣ። ታከለ እንደዚያ ሲቆጣ ከዚያ በፊት አላየሁትም። ላላየነው ፈረንጅ፣ ለአዝማሪ ፊቴን ነጨሁ ወይ ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ሽማግሌዎቹም ንፍሮውን በእጃቸው እንደያዙ ይብሉት ወይስ ይመልሱት ጠፋቸው።

የፈረዱት አባቴ ነበሩ። ያለቀሳችሁትን ለቅሶ ልትመልሱት አትችሉም አሉ። ደምሴ ለቅሶ ከተቀመጠለት ዘመዱ አድርጎታል፤ ዘመዱ ካደረገው ደግሞ እንደ ዘመድ ሙት ዓመቱን ያውጣለት አሉ። አንተም ተነሥተህ፣ የዛሬ ዓመት በዚሁ ገበያ አወጣለታለሁ፣ ባላወጣ ወረታን በከንቱ ያስለቀሰ ልባል ብለህ ማልህ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁለት ወገን ሆነ። የሚወዱህ ይሄን ቃልህን ይጠብቁ ነበር፤ የሚያሾፉብህም ይሄንኑ ቃልህን ይጠብቁ ነበር።

በጥቅምት ውኃው ሲሸሽ ወባው ያዘህ። ትኩሳቱ ሲይዝህና ሲለቅህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ጥር መቼ ነው ትለኛለህ። ደርሷል እያልሁ እዋሽህ ነበር። አልደረሰልህም።

አየህ ደምሴዬ፣ የሞትህብኝ አንሶ ሁለት ወግ እርስ በርሱ አጋጭተህብኝ ሄድህ። ሙት ዓመቱን ካላወጣሁ ስምህ የአገር መሳቂያ ይሆናል። ካወጣሁ ደግሞ የቶቢ ሙት ዓመት ያለ ቶቢ ዘፈን ምን ሊሆን ነው? ዘፈኑን ከከፈትሁ ባሏን ቀብራ ሳትከርም ዘፈን ያሰማች ሴት እባላለሁ። ታከለ መጥቶ ማጫወቻውን በጋቢ ጠቀለለው። "የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ከቤቱ ዘፈን ይውጣ? ኧረ ምን በደልሁሽ አንቺ ሴት!" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ወደ አባቴ ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያን የምትጸልየው ላጠመቀችው ነው፣ ነዳያንን ማብላት ግን በማንም ስም ይቻላል፣ የዘፈኑን ነገር እኔ አላውቅም አሉኝ። እሳቸው አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተስፋ የቆረጥሁትም ያን ጊዜ ነው።

መላው የመጣው ከእትዬ ጥሩነሽ ነው። የቀሚሷን ጠርዝ ልታስጠቅም መጥታ፣ እኔና ታከለ ፊትና ኋላ ዞረን ተቀምጠን አገኘችን። ነገሩን ስትሰማ በሁለታችንም ሳቀች። "አያ ታከለ፣ ጀግና ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ምኑ ይወጣል?" አለችው። በቅሎውና ጠመንጃው አላት። "ጠመንጃውስ ይተኮሳል አይተኮስም?" ይተኮሳል እንጂ አላት። "ሲተኮስ ደስታ ነው የሚባል?" ታከለ ወደ ማጫወቻው ዞረ። "እንግዲያማ የደምሴ ጠመንጃ ያውልህ፣ በጋቢ ጠቅልለህ አስቀምጠኸዋል" አለችውና ቀሚሷን ተቀብላ ወጣች። ታከለ ጋቢውን በገዛ እጁ ፈታው። በቅሎዋን እኔው አመጣለሁ ብሎኝ ሄደ።

ባትሪ ድንጋዮቹ ደክመው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ ድመትህም አብራቸው ተሰጣች። ትናንት ገበያው ሲሞላ ታከለ በቅሎዋን ጭኖ መጣ። ማጫወቻውን ኮርቻው ላይ አሠርነው፤ ላዩን የክት ኮትህን አለበስነው። ሸክላዎቹን በአገልግል እኔ ያዝሁ። ታከለ ጫማውን አውልቆ ልጓሙን ይዞ ፊት ፊት ሄደ። እኔ በጥቁር ልብሴ ከጎን፣ እትዬ ጥሩነሽ ከኋላ። ሜዳውን ስንዞር እህል የሚሰፍረው ቁናውን አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ።

ማጫወቻውን የስፌት ጠረጴዛህ ላይ አሳረፍነውና መርፌዋን እኔ አነሣሁ። ከዚህ በፊት አስነክተኸኝ አታውቅም፤ ሸክላ ትቧጭሪያለሽ ትለኝ ነበር። አልቧጨርሁም! ጉራማይሌውንም እንዳንተ አልደረደርሁትም፤ የራሴን ደረደርሁ። መሰንቆውን አስቀደምሁ፣ የሱዳኑን አስከተልሁ፣ ጡሩምባውን ተውሁት፤ ለሐዘን አይሆንም ብዬ ነው። ከዚያ ያቺን የመጀመሪያዋን የቶቢ ሸክላ አወጣሁ። ጊታሩ ሲጮህ እትዬ ጥሩነሽ ደረቷን መትታ ተነሣችበት፤

ጥይቱ ዘፈን ነው፣ ጠመንጃው ሸክላ፣
ደምሴ ሲተኩስ ማን ይሸሻል ኋላ።

እሷ ስታወርድ ጊታሩ ይመልስላታል፤ እሱ ሲያርፍ እሷ ትቀበለዋለች። አብረው ያደጉ እንጂ ባሕር የለያቸው አይመስሉም ነበር። ታከለ ጎራዴ እንደያዘ ሰው ሜዳውን እየዘለለ ስምህን ጠራ፣ ፎከረልህ። መገንጠያው ላይ መኪኖች ቆሙ፤ ሾፌሮቹ ወርደው ቆባቸውን አወለቁ።

እዚያ ላይ ባትሪው ደከመ። የቶቢ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ መጣ። አለቀልኝ አልሁ፤ መሳቂያ ሆንሁ፣ አንተንም አደረግሁህ አልሁ። ማጫወቻው ቀጥ አለ። በዚያ ዝምታ ከባለ ቅቤዎቹ መካከል አንዲት ሴት ዜማውን ከቆመበት አነሣችው። በአፍንጫዋ ብቻ፣ ያለ ቃል። አጠገቧ ያለችው ተቀበለቻት፤ ከብት ነጋዴዎቹ ተቀበሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተቀበሉ። ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜ እየገዙና እየሸጡ ተምረውት ኖሯል። አንድ ቃል የማያውቁትን ዘፈን የወረታ ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንጎራጉሮ ጨረሰው። የዜማው ማዕበል በእግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር። አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። ባሌ ይህን የሠራ ሰው ነው ብዬ ራሴን ቀና አድርጌ አለቀስሁ።

ከዚያ ነዳያኑ በሉ። አምና ያሾፉብህ የነበሩት ሰዎች ወጡን ሲያቀርቡ ዋሉ። አባቴ ዘፈኑ ሲሰማ ዳር ቆመው ነበር፤ ሲያልቅ መጡና በጠራ ድምፅ ደምሴ ቃሉን ጠበቀ ብለው ለሰዉ ተናገሩ። አላማተቡም።

ማታ ላይ ገብሬ ወደ አሥመራ ሊነሣ ሲል፣ አሥመራ ያሉት ፈረንጆች የቶቢን አገር ያውቁታል፣ በእነሱ በኩል ለእናቱ ቃል ቢላክ ምን ልበላት ብሎ ጠየቀን። የመለሰለት ታከለ ነው። ሞተሩ ስለሚጮህ ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ መስኮቱን ይዞ ነገረው። "ልጅሽ ወረታ ላይ ተለቅሶለታል በላት። ሙት ዓመቱም ወጥቶለታል። ያወጣለት ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ነው፤ ቶቢም ወንድማችን ነው በላት።"

ደምሴዬ፣ ዓመትህ ሲሞላ ጥቁሬን አወልቃለሁ፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በረንዳው ላይ ጉራማይሌው ይሰማል። መርፌዋን የማነሣው እኔ ነኝ። እጄ እስኪዝል፣ ጆሮዬ እስኪደክም ድረስ ሁለታችሁንም በስም እጠራችኋለሁ፤ መጀመሪያ አንተን፣ ቀጥዬ ወንድምህን።

ያንተው የሺ
ወረታ፣ ጥር