የእማዬን አፅም እንዳታነሡ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ በብርዱ ያስቸግርዎታል ወይስ የላክሁት ቅባት ሻል አደረገልዎ? አዝመራውስ ገባ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሩታ የፋብሪካው ፈረቃ ቢያንገላታትም በርትታለች። ልጃችን ኤልሳቤት ከአከራያችን ከአዴ ዱርሲቱ ኦሮምኛውን ለቃቅማ፣ ጠዋት ሠፈሩን ሁሉ "አካም ቡልታን"፣ እንዴት አደራችሁ፣ እያለች ትዞራለች። የጎደለን እርስዎን ማየት ብቻ ነው።

አባባ፣ ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ድምፁን ከፍ አድርገው ለጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያሰሙት ነው። አይቆጡኝ፣ እውነቴን ነው። ደብዳቤውን ወደ ሳውላ ለሚመጣው ለካሣዬ ሰጥቼዋለሁ። እህቴ ብርሃነሽ በሩን ዘግታ ለእርስዎ ብቻ ታንብብልዎ።

በታኅሣሥ ሊነሡ የታሰቡት መቃብሮች አይነሡ። የእማዬ አፅም ካለበት አይነካ። የመዳብ ኩባንያው ሥራውን አቁሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ግንቦት የመዳብ ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። ውጭ አገር ተቀምጠው ዋጋ የሚተነብዩ ሰዎች ገና ይጨምራል፣ መኪናው ሁሉ በኤሌክትሪክ ሊሄድ ነው፣ መዳብ ሊጠፋ ነው አሉ። ኩባንያውም ይህን ይዞ ነው መቃብሩ ይነሣልንና መንገድ እናውጣ ብሎ የመጣባችሁ። ክረምቱ ሳያልቅ ዋጋው ወረደ። ቻይና ውስጥ ቤት መሥራት ቀዝቅዟል ተባለና ትንበያውን ቀነሱት። በአዲሱ ሲሰላ የእኛ ተራራ አያዋጣም ሆነ፤ ገንዘብ ሊያወጡ የነበሩትም እጃቸውን ሰበሰቡ። ይህን የነገረኝ ኡዘይር ነው፣ ያ ቤታችን ሦስት ቀን ያደረው የድንጋይ መርማሪ። ድንጋዩ ያው ነው፣ የተለወጠው ግምቱ ነው አለኝ። ዋጋው ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ይመለሳል የሚልም አለ፣ አይመለስም የሚልም አለ፣ የሚያውቅ ግን የለም አለኝ። እንግዲህ እኔ ማንም የማያውቀውን ነገር እንዳለቀለት አድርጌ ነው የነገርኳችሁ።

የማቆሚያው ደብዳቤ እስኪወጣ እኛ የኩባንያው ሠራተኞች ትንፍሽ እንዳንል ታዘናል። ቢደርሱብኝ ከጥበቃ ሥራዬ ያባርሩኛል። ደብዳቤው ግን እናንተ መቼ እንደምትቆፍሩ አያውቅም።

ይህም አይደለም የከበደኝ። እርስዎ በሰኔ እምቢ ብለው ነበር። በየማታው እየደወልኩ የነዘነዝኩዎት እኔ ነኝ። መንገድ ይገባል፣ ክሊኒክ ይሠራል አልኩ። ይህ አልሆን ሲለኝ፣ እማዬ ብትኖር እሺ ትል ነበር አልኩዎት። ያን ጊዜ በቃ ይሁን አሉ። አባባ፣ እማዬ ምን ልትል እንደምትችል አላውቅም ነበር። እርስዎን ለመርታት ብዬ በእሷ አፍ ተናገርኩ። በጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ከመቃብሯ ሃያ እርምጃ ላይ ተሰርስሮ የወጣው የድንጋይ ናሙና እኔ በምጠብቀው መጋዘን ውስጥ ነው ያለው። እንደ ሸንኮራ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ በሳጥን ተደርድሯል። ጠዋት አቧራውን ስጠርግ አረንጓዴ ዝንጉርጉሩን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን በዚያ በኩል ለማለፍ አፍራለሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅር ካላቸው፣ ያሳሳተኝ ልጄ ነው ይበሉ። ለገና መጥቼ በጉባኤው ፊት ራሴ እናገራለሁ። ዋጋው ወጥቶ ኩባንያው ቢመለስ እንኳ፣ ያን ጊዜ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አፌን እይዛለሁ።

ብርሃነሽን ስለ እኔ ይሳሙልኝ፤ ይህን ስታነብ እንዳታለቅስ። አክስቴን ጠጅቱን ሩታ ያሠራችልሽ ነጠላ ተሠርቶ አልቋል ይበሉልኝ። ወንድሜን አማኑን ሰላም ይበሉልኝና ለመቃብሩ የተዋሰውን ዶማ ለባለቤቱ ይመልስ። ለእማዬ የምልከው መልእክት የለኝም። ያለችበት ካገኘኋት፣ መጥቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ልጅዎ አጵሎስ
ሰበታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.