ቄጠማ ማጨድ ክልክል ነው

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሃሮ ዲማ ዋልኩ። ከአሰበ ተፈሪ በጫት ካሚዮን ወጥቼ፣ ሂርና ሳይደርስ ወረድኩ። ሾፌሩ መስዑድ እንደ ልማዱ፦ «አባ ሲምቢሮ፣ ወፎችህ ደህና አደሩ?» አለኝ። ሲምቢሮ ማለት ወፍ ነው። አሁንማ አገሩ ሁሉ የሚጠራኝ በዚሁ ስም ነው። መኮንን የሚለኝ እናቴና የደመወዝ ጸሐፊው ብቻ ቀሩ።

በወረቀት ግን «የሃሮ ዲማ ረግረግና የውሃ ወፎች ጥበቃ ኃላፊ» ነኝ። የሹመቱ ደብዳቤ የመጣ ዕለት እናቴን ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሰምታ ሰምታ፦ «ዶሮ ማርባት ነው በለኛ» አለች። እስካሁን ለጎረቤት የምታወራው እንደዚያ ነው።

ቆጠራ፦ ሳቢሳ አራት። ዳክዬ አሥራ አንድ። ሽመላ ገና ነው፣ የሚመጣው በጥቅምት ነው። ቄጠማው ከቁመቴ በላይ ሆኗል… ደስ ይላል። አምና ይህን ጊዜ ግማሹ ታጭዶ ነበር። የሂርና ሴቶች ጫቱ እንዳይጠወልግ የሚጠቀልሉት በዚህ ቄጠማ ነው። አምና በኅዳር ከለከልኳቸው። ወፍ ጎጆ ሳይሠራ መኖር እንዴት ይሆንለታል? በቀይ ቀለም ሰሌዳ ጻፍኩ፦ «ቄጠማ ማጨድ በጥብቅ ክልክል ነው»። ጥበቃው ጋሽ ገብሬ፣ የድሮ ወታደር ነው፣ ሰሌዳውን አይቶ፦ «የሚያነበው የለም ጌታዬ። ሳቢሳው ግን ቢቀመጥበት ይመቸዋል» አለ።

እውነቱን ነው። ዛሬም ተቀምጦበታል።

መስከረም 29

ዝናብ። መንገዱ ተቆርጧል፣ ቤት ዋልኩ። እናቴ ጉንፋን ይዞሃል ብላ ፌጦ አጠጣችኝ። አልያዘኝም ነበር።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ደብዳቤ ከአዲስ አበባ። ፊታውራሪ ዓባይ ሃሮ ዲማ በቦይ ተጠንፍፎ ሸንኮራ ይተከልበት ብለው አመልክተዋል። መሬቱ ከርስታቸው ጋር ይዋሰናል። መሥሪያ ቤቱም እንዲህ ይላል፦ በታኅሣሥ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ የሚጠበቅ ወፍ ካለ ጥበቃው ይቀጥላል፣ ከሌለ ውሃው ይጠንፈፍ።

ሳቅኩ። አምና ሽመላው ብቻ ሁለት መቶ አሥር ነበር። ዘንድሮ ማንም ሳይነካው ቄጠማው እንዲህ አድጎ… ሦስት መቶ ቢሆን አይገርመኝም። ተቆጣጣሪው መቁጠር ይታክተው።

ጥቅምት 17

መጡ! ከቀትር በፊት፣ ከሰሜን በኩል። ጋሽ ገብሬ ነው መጀመሪያ ያያቸው። አንገታችን እስኪቆለመም ሽቅብ አየን። ዞሩ፣ ዝቅ አሉ፣ እንደገና ዞሩ… ከዚያ ተነሥተው ወደ መሰላ አቅጣጫ ሄዱ። ሁሉም አይደሉም፣ ጥቂቶች ከሾላው ዛፍ ኋላ የወረዱ መሰለኝ። ብዙዎቹ ግን ሄዱ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

«ውሃ ፈልገው ይሆናላ።»

«ውሃ አለ እኮ።»

«የታለ ጌታዬ?»

አየሁ። አረንጓዴ ነው። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቄጠማ። ውሃው ከሥር እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ ሽመላ ግን ከላይ ሆኖ በምን ያውቃል? ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ።

ጥቅምት 19

ዛሬ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ዙሪያውን አየሁ። ወፍ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከሾላው ኋላ፣ በምሥራቅ ጥግ። ሽመላ አሥራ ስድስት፣ ዳክዬዎቹም በሙሉ እዚያ ናቸው። ለምን እዚያ? ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ… ታጭዷል። የታጨደው ቁራጭ ገና አልደረቀም። ውሃው እዚያ ጋ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ጋሽ ገብሬን ጠራሁት። ሊዋሽ አልሞከረም።

«እኔ ነኝ የፈቀድኩ። ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚያጭዱት። የሂርናዎቹ ሴቶች፣ እነ አዴ ዙህራ ናቸው። እርስዎ ሐሙስ አይመጡም።»

«ጠባቂ ተብለው ተቀጥረው?»

«ጠበቅኩ እንጂ። ከሾላው እንዳያልፉ ጠበቅኩ።»

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተባርረዋል» አልኩት። እሱም የመንግሥት ካፖርቱን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«እሺ ጌታዬ። እነሱንስ ያባርሯቸዋል?»

ሽመላዎቹን ነው። ዞሬ አየኋቸው። አንዱ እንቁራሪት ውጦ አንገቱን ያስተካክላል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ካፖርቱን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ዝናብ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ መልሼ አለበስኩት። ስለ መባረሩ ሁለታችንም አላነሣንም።

በአንድ ዓመት ሃሮ ዲማን ያደረቅኩት እኔ ነኝ። ፊታውራሪ ቦይ መቆፈር አያስፈልጋቸውም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሂርና። አዴ ዙህራ ጋ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር ጫት ትጠቀልላለች። መኪናው ሳይጫን አላናግርም አለች። ቆምኩ። ቆይቼ ቆይቼ እግሬ ሲዝል ቀና ብላ አየችኝ። ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» ነው የምትል፣ አማርኛዋ እንደዚያ ነው።

«አምና መጣህ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት አሳየኸኝ። ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምንም።»

«እሱ ይሻላል። ቁጭ በል።»

ሁሉንም ነገርኳት። ደብዳቤውን፣ ሸንኮራውን፣ ወደ መሰላ የሄዱትን ሽመላዎች። ከዚያ፦ «ራስ ሳይላጭ ሲቀር ምን ያፈራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቅማል።»

«እንግዲያ።»

ለካ እነሱ ዝም ብለው አያጭዱም። አንድ ረድፍ ያጭዳሉ፣ አንድ ረድፍ ይተዋሉ። በታጨደው ወፉ ይበላል፣ በቀረው ጎጆ ይሠራል። ዕንቁላል ያዩበት ቦታ ጫጩቱ እስኪወጣ ማጭድ አይገባም። እናቷም እንደዚያ ታደርግ ነበር። አምና ለምን አልነገርሽኝም ልላት አፌን ከፈትኩና… መልሼ ዘጋሁት። ነግራኝ ነበር። «ልጄ፣ ሳሩን ለማን ነው የምታስቀምጠው?» ብላኝ ነበር፣ እኔ ማኅተሙን አሳየኋት።

ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ሰሌዳው ይነቀል። በገበያ ቀን ሰው ፊት ቆመህ ተሳስቼ ነበር በል። ሦስተኛ፣ ማጭድ ይዘህ ከእኛ ጋር ውሃ ግባ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩ። ምን ምን ላይ እሺ እንዳልኩ የገባኝ ካሚዮኑ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጥቅምት 26

ገበያ። በኦሮምኛ ጀመርኩ፣ ቃል ሲያልቅብኝ መስዑድ ተቀበለኝ። እሱ ደግሞ እኔ ያላልኩትንም ሳይጨምር አልቀረም፣ ሰው ከሚገባው በላይ ይስቅ ነበር። ጨርሼ ላቤን ስጠርግ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «መሳሳትህንማ እናውቃለን። ሌላ አዲስ ወሬ የለህም?»

አብሬ ሳቅኩ። ምን አደርጋለሁ?

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ወገቤ! አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ጋሽ ገብሬና እኔ። ጠዋት ገብተን እስከ ቀትር አጨድን። እኔ አንድ እቅፍ እስካጭድ አዴ ዙህራ አራት። በስድሳ ዓመቷ! «ማጭዱን እንደ እስክሪብቶ አትያዝ» ትለኛለች። ከውሃ ስንወጣ ባቴ ላይ ሁለት አልቅት። ሴቶቹ ዘፈን አወጡልኝ፣ ሲምቢሮና አልቅት የሚሉት ብቻ ገባኝ። ሌላውን መስዑድን ብጠይቀው፦ «ባታውቀው ይሻላል» አለ።

በዚህ ሥራ ከተሾምኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ ውዬ አላውቅም። የጽሕፈት ቤት ወንበር ነበር ለካ የምጠብቀው።

ኅዳር 12

ሦስት ረድፍ ተከፈተ። ውሃው ሰማይ ያሳያል።

ኅዳር 23

ሽመላ ሰባ አራት። ከመሰላ በኩል እየተመለሱ ነው። ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ታኅሣሥ 7

ተቆጣጣሪው በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል። ዘገባ መጻፍ አለብኝ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «በተደረገው ጥብቅ ክልከላ ምክንያት…»። ያምራል። ያሳምናልም። እውነቱን ብጽፍ ደግሞ ፊታውራሪ፦ ኃላፊው ራሱ አበላሸሁ ብሏል፣ ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ያሻል ይላሉ። እኔ መባረሬ ነው። ሃሮ ዲማስ? በእውነት ቢጠፋ ይሻላል ወይስ በውሸት ቢተርፍ?

በውሸት ቢተርፍ ክልከላው ይቀጥላል። ክልከላው ከቀጠለ የሚመጣው ዓመት ወፍ የለም። ይኸው ነው።

ወረቀቱን ለእናቴ ምድጃ ሰጠሁት። አልጻፍኩም። በቃሌ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

መጣ። አቶ ኃይሉ ይባላል፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ። ፊታውራሪም በበቅሎ መጡ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ቆጠርን። እሱ ለብቻው፣ እኔ ለብቻዬ። እሱ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ እኔ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት። ከአምናው ያንሳል።

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀንሷል ማለት ነው።»

አቶ ኃይሉ ወደ እኔ ዞረ። «ዘንድሮ አጨዳ ከልክለሃል አይደል? ታዲያ ክልከላው ባይኖር ከዚህም ያንስ ነበር ማለት ነው?»

ይህን ያህል የተመቸ ጥያቄ ማን ያገኛል? አዎ ብል አለቀ። አዴ ዙህራ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ታየኛለች።

«አይደለም» አልኩ። «በጥቅምት አሥራ ስድስት ነበሩ። ያባረራቸው የእኔ ክልከላ ነው። የመለሷቸው እነዚህ ሴቶች ናቸው።»

ድምፄ እንደ ተማሪ ልጅ ነበር። ፊታውራሪ ሳቁ። «ይኸው፣ በገዛ አፉ!»

አቶ ኃይሉ ግን አልሳቀም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያን ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ገባ። አዴ ዙህራ ረድፉን አሳየችው፣ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። አንድ የተተወ ረድፍ ገለጥ አድርጋ የዳክዬ ጎጆ አሳየችው። ብዙ ጠየቃት። በመጨረሻ፦ «በሚመጣው ዓመት ስንት ይሆናሉ?» አላት።

«አላህ ያውቃል። ውሃውን ካዩት ግን ይወርዳሉ።»

ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። ሲወጣ አልቅት ይዞት ነበር፣ ጋሽ ገብሬ በጨው አስለቀቀው። ጫማውን አጥልቆ በመኪናው ሄደ።

ታኅሣሥ 15

ለእናቴ ሥራዬን ሳላጣ አልቀርም አልኳት። «ዶሮዎቹስ?» አለች።

ጥር 18

እስካሁን ወሬ የለም። ሽመላ ሁለት መቶ ሰላሳ አንድ። ለማን ልላከው? ለራሴ ጻፍኩት።

ጥር 24፣ እሑድ

ደብዳቤው ትናንት ማታ ደርሶ ኖሮ ዛሬ ተሰጠኝ። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሃሮ ዲማ አይጠነፈፍም። የፊታውራሪ ማመልከቻ ተዘግቷል። እኔ በማስጠንቀቂያ በሥራዬ እቀጥላለሁ። ከዚህ በኋላ የአጨዳውን ቀንና ቦታ የሚወስኑት «የአካባቢው ነዋሪ ወይዘሮ ዙህራ» ናቸው፣ ኃላፊውም በዚሁ መሠረት ይፈጽማል።

ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይገባኛል። እንባዬ መጣ፣ ሰው እንዳያየኝ ወደ ግንቡ ዞርኩ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ማልጄ ደረስኩ። ማጭዴን ስዬ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ በምዕራብ በኩል አዲስ ረድፍ ልንጀምር። አሁን ከአዴ ዙህራ ሁለት እቅፍ ብቻ ነው የምቀድማት… ማለት እሷ ናት የምትቀድመኝ። አንድ እግሬን ስከት ከኋላዬ ጮኸች።

«ውጣ!»

ዞርኩ። ሴቶቹ ሁሉ ዳር ላይ ተቀምጠዋል፣ ማጭዳቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«እዚያ ጋ ትናንት ዕንቁላል አይተናል። እስኪፈለፈል ማንም አይገባም።»

«በዳር በዳሩ ብሄድስ? እኔ እኮ ኃላፊው ነኝ።»

«ማንም ብያለሁ። አንተም።»

ጋሽ ገብሬ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። እግሬን አወጣሁ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ እኔም መሀላቸው ተቀመጥኩ።