ቆዳ ሰፈር ዛሬ ቤት አይገኝም

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ ኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባልሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሰፈራችንን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ቆዳ ሰፈር ዛሬ ተፈልጎም ቤት አይገኝም። አዎ፣ እኔና አንቺ እጃችን እስኪላጥ ቆዳ ላይ ጨው ስንነሰንስ የኖርንበት ሰፈር። ሽማግሌ ልኮብሽ የነበረው የደጋን ከተማ ሰው ቤትሽ ሽታ ያለበት ቆዳ ሰፈር እንደሆነ ሲሰማ መቅረቱን አልረሳሁም። ሰው ፊት ስቀሽ አለፍሽው፤ በኋላ ግን ከመጋዘኑ ጓሮ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ስላላወቅሁ ወደ ጨው ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሹፌሩ ባልሽ ጋር አሰብ በወረድሽ በዓመቱ የቆዳ መጋዘኑ ከከተማው ውጭ ተዛወረ። ክረምቱ መሬቱን አጠበው፤ ሽታውም እየጠፋ ሄደ። ያኔ ቦታው ለመኖሪያ ተፈለገና ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ሰብሳቢው አዲስ የተሾመ ሰው ነው። ካርታውን ግድግዳ ላይ ዘርግቶ፣ "እዚህ ለመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ሥራ ማኅበር ይቋቋማል። እናንተ የቆርቆሮ ቤቶቹ ነዋሪዎች ከወንዙ ማዶ ቦታ ይሰጣችኋል" አለ። ከወንዙ ማዶ ማለት ቦርከና በሞላ ቁጥር የሚውጠው ሜዳ ነው።

አጠገቤ የኔነሽ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያው በጨው ሥራ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት መሆኗን ታውቂያለሽ። የልጆቿን ነገር ሳስብ ተነሳሁ።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አልኩ። "ሽታው ሳለ እዚህ የኖረ ሰው እጁን ያውጣ።"

የቆዳ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አወጣ። የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሽ ሞላ እንኳ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው አወጡ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት የመንግሥት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ።

"እንግዲያው ድልድሉ ከእነዚህ ይጀመር" አልኩ። "የመንግሥት ሠራተኞቹም ይምጡ፣ ደስ ይለናል። ሲመጡ ግን ጎረቤት ይሁኑን እንጂ አያፈናቅሉን።"

"ቤት መሥሪያ አቅም አላችሁ?" አለ ሰብሳቢው።

የመለሰችለት የኔነሽ ናት። "ጉልበት አለን" አለችው። "እኔ ወንዝ ዳር አልሄድም። ልጆቼን ለጎርፍ አላሳደግኋቸውም።"

ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ተላከ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ነባሩ ነዋሪ እንዲቀድም ተወሰነ። ይህን የሰማሁ ዕለት ሱጁድ አደረግሁ፤ የኔነሽም ስለቷን ለማርያም አገባች።

ድንጋዩን ከቦርከና በጀርባችን ተሸክመን አወጣን። ጁምዓ ክርስቲያኖቹ፣ እሁድ እኛ እየተተካካን ሥራው ሳይቋረጥ ከረመ። በሰባ ሰባት ግን ቆመ፤ ያለችንን ከገጠር ተርበው ከመጡት ጋር ተካፍለን ስንበላ ድንጋይ የሚያነሳ አቅም ከየት ይምጣ? ዝናቡ ሲመለስ እኛም ወደ ግንባታው ተመለስን።

አሁን ብታዪው ኡሙሰልማ! በየግቢው ፓፓያና ብርቱካን አለ፤ ቧንቧ ገብቷል። ግራ ጎረቤቴ አስተማሪ፣ ቀኝ ጎረቤቴ የጤና ረዳት ነው። ባለፈው ወር አንድ የደሴ ነጋዴ መጥቶ የኔነሽን ቤት ለቤት እንለዋወጥ ብሎ ለመናት።

"ደሴ ፒያሳ መሀል ያለ ቤት እኮ ነው የምሰጥሽ" ይላታል።

"ፒያሳ ጥሩ ነው፣ ኑሩበት" አለችው። "እኔ ይህን ግድግዳ በጀርባዬ ነው ያመጣሁት።"

ከጓሮዋ ፓፓያ ቆርጣ አስይዛ ሸኘችው።

እህቴ፣ በመጪው ረመዳን ልጆችሽን ይዘሽ ነይና እኔ ዘንድ አፍጥሩ። የእኔዋ ሳፊያ ትምህርት ቤት ሰፈሯን ሲጠይቋት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ቆዳ ሰፈር" ትላለች። አንቺም የት እንዳደግሽ ለልጆችሽ እስካሁን ካልነገርሻቸው፣ አሁን ንገሪያቸው።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ጣይባ